የጉጉት ጫጩቶቹን በካሜራ ለምትከታተሉ አባላት

ሰላም ለሁላችሁ፣

በእስራኤል ቤት ሸአን ሸለቆ፣ በስዴ ኤልያሁ ኪቡጽ (የጋራ እርሻ መንደር)፣ አይጥን በመርዝ ፈንታ በጉጉት የመከላከል ሥራ ከ1983 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። ለጉጉቶቹ ጎጆ እንዲሆኑ በተሰቀሉ እንዲህ ባሉ ሳጥኖች ውስጥ መጀመሪያ ግር የሚላችሁ የጫጩቶቹ መበላለጥ ነው።

እናቲቱ እንቁላል የምትጥለው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ልዩነት ቢሆንም መታቀፍ የምትጀምረው ከመጀመሪያው ነው። እያንዳንዱ በ31 ቀን ገደማ ስለሚፈለፈል ታላቁ ላባ ሲያወጣ ታናሹ ገና እርቃኑን ሊሆን ይችላል። አይጥ ከበዛ ሁሉም ያድጋሉ፤ ካነሰ የመጨረሻው ይሞታል፣ ወንድሞቹም ሊበሉት ይችላሉ። ያስከፋል፤ ቢሆንም እባካችሁ «ሳጥኑ ይከፈት» አትበሉ። እናቲቱ ደንግጣ ከወጣች ትንንሾቹ በብርድ ያልቃሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሥጋውን እየቦጨቀች ታጎርሳቸዋለች። ከሦስተኛው ሳምንት ወዲህ ግን አይጡን ከነነፍሱ ባይሆንም ከነጅራቱ ይውጡታል፤ ጅራቱ ከአፋቸው ተንጠልጥሎ ቢቆይ ታንቀው አይደለም። እሷም ለአደን መውጣት ስለምትጀምር ብቻቸውን ብታዩዋቸው ጥላቸው ሄዳለች ማለት አይደለም።

ወለሉ ላይ ያለው ጥቁር ክምር የተፉት ጸጉርና አጥንት ነው፤ ምንጣፋቸው ስለሆነ አሁን አይነካም።

ማታ ምስሉ ጉም ከመሰለ ብዙ ጊዜ ሸረሪት ሌንሱ ላይ አድርታ የካሜራውን ኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ) ብርሃን እየመለሰችው ነው።

በ40 ቀን ገደማ ከወላጆቻቸው ይከብዳሉ፣ ከዚያ ይቀንሳሉ፣ በ8 ሳምንት አካባቢ ይበራሉ። ከበረሩም በኋላ ለምግብ ስለሚመለሱ ካሜራውን ቶሎ አትዝጉት።