የሙዚቃ ክበብ፦ በአንዲት ኪቦርድ የተዘለቀ ዓመት

የሙዚቃ ክበባችን ዘንድሮም በአንዲት ኪቦርድ ዓመቱን ዘልቋል። የኮሚቴ ምርጫው፣ ሳምንታዊው ልምምድ፣ የወላጆች ቀን ዝግጅቱ በመዝገባችን ስላለ አልደግመውም።

በመምህራን ማረፊያ «ልጆቹ በአንድ ጣት ነክተው ሙዚቀኛ ነን ይላሉ» ይባላል። አዎ፣ በአንድ ጣት ነው የምንጀምረው። በያማሃ ኪቦርዳችን በግራ በኩል አንድ ቁልፍ ሲነካ ሜጀር ኮርዱ (ኮርድ አብረው የሚሰሙ ድምፆች ነው፤ ሜጀር ደመቅ ያለው) ከነከበሮው ከነቤዙ ይመጣል። ለማይነር (ትካዜ ላለው ኮርድ) ከዚያው ቁልፍ በስተግራ ያለው ቅርብ ጥቁር፣ ሰቨንዝ ለሚባለው ሌላ ኮርድ ቅርብ ነጭ ይጨመራል። በዚህ ዘዴ ጀማሪው ሳይሰለች ዘፈን ያጅባል። የችክችካ ምት በኪቦርዱ ዝግጁ ምቶች (ስታይሎች) ውስጥ ስለሌለ 6/8 በሚባለው ባለ ስድስት ምት እንብቃቃለን።

የሐረሩን ጉዞ ግን ሳልተርክ አላልፍም። ጋባዦቻችን ኪቦርድ አለን ስላሉን የእኛን ትተን፣ ደንገጎን ወጥተን፣ ሐረማያን አልፈን ደረስን። መድረኩ ላይ የጠበቀን ግን ካሲዮ የሚባል ሌላ ሥሪት ኪቦርድ ነው። የዘጠነኛ ክፍሏ ልጃችን የትዝታ ቅኝትን በማይነሩ፣ ኤ ከሚባለው ድምፅ ጀመረች። ገና ኤ ማይነርን እንደ ያማሃው ከግራው ጥቁር ጋር ስትነካ አጀባው ግማሽ ድምፅ ወርዶ ከዜማው ተጋጨ፤ ካሲዮ የኮርዱን መነሻ የሚያደርገው ከተነኩት ቁልፎች መካከል የግራ ጫፉን ነዋ! አዳራሹ ሳቀ። በአንድ ቁልፍ የሚነካው ኤፍ ሜጀር ላይ ደህና ሆነ፣ ወደ ኤ ማይነር ስትመለስ ያው። ልነግራት ስነሳ ጥቁሩን ለቀቀችው። ሜጀር ሆነ፤ ፊቷን አኮሳተረች። ወዲያው በስተቀኝ አንድ ቁልፍ ጨመረች፣ ማይነሩ መጣ። ቀኝ እጇ ዜማውን አንዴም አላቋረጠም። የካሲዮን ሕግ ማንም አላስተማራትም፤ ማይነርን በጆሮዋ የለየችው በዚያው በተናቀው አንድ ጣት ነው። እንባዬ መጣ፣ አልደብቅም። አሁን የኤ ማይነርን ሦስት ድምፆች፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢን፣ በሦስት ጣት እየተለማመደች ነው፤ ኪቦርዱ ፊንገርድ ላይ (የኮርዱ ድምፆች ሁሉ በጣት በሚነኩበት አሠራር) ከተደረገ ይህ በያማሃም በካሲዮም ይሠራል።

በፈተና ሰሞን አባላት ተመናምነውብናል። አዳፕተሩም ተቃጥሎ በስድስት ባትሪ ከረምን፤ ባትሪው የሚገዛው ከመምህሩ ኪስ ነው። የእግር ኳስ ክበቡ ኳስ ሲፈነዳበት ሌላ ቶሎ ይገዛለታል፤ እሰየው፣ እኛም እንዲሁ እንታሰብ።

ለመጪው ዓመት አዳፕተርና ሁለተኛ ኪቦርድ እንጠይቃለን። ቤቱ ያገለገለ ኪቦርድ ያስቀመጠ ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ ካለ ያማሃም ሆነ ካሲዮ እንቀበላለን፤ አንዳንድ ቁልፉ ባይሠራም ግድ የለም፣ በግራ በኩል ያሉት ብቻ ደህና ይሁኑ።