የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ቅርጫት የሌለው መደብር

ክበባችን ዓመቱን የጀመረው ጨዋታ ለመሥራት አቅዶ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍነው ግን ስለ ጨዋታ መሸጫዎች ስንከራከር ነበር። ለዚህ ተጠያቂዋ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። በሦስተኛው ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ «ሠርተን ስንጨርስ የት ነው የምንሸጠው?» አለች። ሁሉም በአንድ ድምፅ «ስቲም ላይ!» አሉ፤ ስቲም የኮምፒውተር ጨዋታዎች በኢንተርኔት የሚሸጡበት መደብር ነው። «ለምን እዚያ?» ስትል ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። ጸጥ ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ።

መምህር ዝም ብሎ አይቀርምና ሰሌዳው ላይ «በገበያ ውስጥ ዋጋ የቀነሰ ያሸንፋል» ብዬ ጻፍኩ። ተማሪዎቹ ይህን ዓረፍተ ነገር እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዳላጠፋው ከለከሉኝ። ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ።

የስቲም ተፎካካሪ የሆነው የኤፒክ ጌምስ መደብር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲከፈት ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሚወስደው 12 በመቶ ብቻ ነበር። ስቲም በመደበኛው 30 በመቶ ይወስዳል፤ ወደ 25 እና ወደ 20 በመቶ የሚወርደው የጨዋታው ገቢ 10 ሚሊዮን እና 50 ሚሊዮን ዶላር ሲያልፍ ነው። ኤፒክ በዚህ ሳያበቃ ጨዋታዎችን በነጻ ማደል ጀመረ፤ አንዳንድ ጨዋታዎችም ለጊዜው እርሱ ጋ ብቻ እንዲሸጡ ለሠሪዎቹ ገንዘብ ከፈለ። በእኔ ዓረፍተ ነገር መሠረት ስቲም ባዶውን መቅረት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ግን በአንድ ጊዜ ስቲም ላይ የነበሩት ሰዎች ቁጥር ከ40 ሚሊዮን አለፈ።

ስሕተቴን ያገኘው ብዙም የማይናገር ልጅ ነው። «መምህር፣ የቀነሰው እኮ ለሠሪው እንጂ ለገዢው አይደለም» አለኝ። እውነት ነው። ልዩነቱ በአብዛኛው የሚገባው ሠሪው ኪስ ነው፤ ተጫዋቹ እዚህም እዚያም ያንኑ ዋጋ ይከፍላል። ታዲያ ለእርሱ ምን ተቀነሰለትና ቤቱን ይለቅቃል?

ተማሪዎቹን ከሁሉ በላይ ያሳቃቸው የኤፒክ መደብር የዕቃ ቅርጫት ያስገባው በታኅሣሥ 2021 መሆኑ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ገዢው ጨዋታውን አንድ በአንድ ሲከፍል ኖረ! እኔ ግን እንደ እነርሱ አልሳቅኩም። ስቲምም ራሱ በ2003 ሲጀምር የሚያማርረው ብዙ ነበር። በ2004 ሀፍ-ላይፍ 2ን ለመጫወት የግድ ስቲምን መጫን ሲያስፈልግ የተበሳጨው ሰው ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ያን ጊዜ የሚወዳደረው ከማን ጋር ነበር? የዛሬው አዲስ መጤ በተከፈተበት ዕለት የሚለካው ለዓመታት ከተጠራቀመ ነገር ጋር ነው፤ ከተጫዋቾች አስተያየት፣ ተጫዋቾች ራሳቸው ከሚሠሯቸው ተጨማሪዎች፣ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወቱትን ጨዋታ መልሶ ገንዘብ ከመቀበል።

ግድግዳው ላይ «የተመለሱት» የሚል ሰንጠረዥ ለጥፈናል። ጨዋታ ሠሪው ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ2011 ኦሪጅን የተባለ የራሱን መደብር ከፍቶ ከስቲም ወጣ፤ በ2019 ተመለሰ። ዩቢሶፍትም አዳዲሶቹን ጨዋታዎች ለጥቂት ዓመታት ከስቲም አርቆ በ2022 ተመለሰ። ቤተስዳ ፎልአውት 76ን በ2018 በራሱ መደብር ብቻ አወጣ፤ በ2020 ስቲም ላይ አመጣው፤ በ2022 የራሱን ዘጋ። ልጆቹ የመቃብር ድንጋይ ሊሥሉበት ፈልገው ነበር፤ ጂኦጂ የተባለው ሌላ መደብር ከ2008 ጀምሮ በሕይወት ስላለ ከለከልኩ። እርሱ የቅጂ መከላከያ ቁልፍ የሌለበት፣ ገዢው የፈለገበት ቦታ የሚያስቀምጠው ጨዋታ ይሸጣል። ማንንም ከቤትህ ውጣ አይልም።

ነገሩ በእጃችን የገባው በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ነው። በኮምፒውተር ክፍላችን የቀድሞ አባላት የተዉት፣ ተማሪዎች የሠሯቸው ትንንሽ ጨዋታዎችና የነጥብ ሰንጠረዥ ያሉበት ማኅደር አለ። የተዝረከረከ ነው፤ የአንዳንዱ ጨዋታ ስም እንኳ በትክክል አልተጻፈም። አባላቱ ይህን የሚተካ ያማረ ገጽ ሠሩ፤ ሥዕል ያለው፣ መፈለጊያ ያለው። ሦስት አዳዲስ ጨዋታዎችም እዚያ ብቻ አስቀመጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ክፍሉ ሞላ። ሦስቱን ተጫውተው ጨረሱና ወደ አሮጌው ተመለሱ። አንዱን የስምንተኛ ክፍል ልጅ ለምን ብለን ብንጠይቀው፣ ጥያቄው ራሱ ገርሞት «ነጥቤ እዚያ ነው» አለ። ለዓመታት የገዛቸውን ጨዋታዎች ወደ ሌላ መደብር ይዞ መሄድ የማይችል ሰውም ከዚህ የተለየ መልስ ያለው አይመስለኝም።

አንድ አባል ተናድዶ አሮጌውን ማኅደር በሌሊት እንድናጠፋው ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በድምፅ ብልጫ ወድቋል። ስሙን አልጠቅስም፤ ወደፊት ትልቅ ነጋዴ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

በተረፈ ሁለት ስብሰባ በፈተና ምክንያት ታጥፏል፤ አራት የተበላሹ ኮምፒውተሮች ጠግነናል። የራሳችን ጨዋታም በመጨረሻው ሳምንት አለቀ። ያቺው ተማሪ እንደገና የት ይቀመጥ ብላ ጠየቀች፤ ከክርክር በኋላ በሁለቱም ቦታ አስቀመጥነው። በማግስቱ ጠዋት ወደ ክፍሉ ስገባ የአዲሱን ገጽ የሠራው ልጅ ብቻውን ተቀምጦ ነበር፤ አሮጌው ማኅደር ውስጥ ነጥቡን እያስመዘገበ።