«ሰፋሪ» የሚባል ጎጥ የለንም

ለወረዳችን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ ክቡር ኃላፊ። ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። አንዴ ሲስተም የለም ተባልኩ፣ አንዴ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ በሦስተኛው ማመልከቻዬ ራሱ ጠፋ። እዚህ የጻፍኩት እዚህ ስለማይጠፋ ነው።

ጉዳዩ የእናቴ የይዞታ ደብተር ነው። ጎጥ በሚለው ቦታ «ሰፋሪ» ተብሎ ተጽፏል። የእኛ ጎጥ ስሙ አረፍ በይ ነው። ገበያተኛው ያውቀዋል፣ የባጃጅ ሹፌሩ ሳይቀር ያውቀዋል። የማታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

በ1966ቱ ረሃብ አያቴ እናቴን አዝላ ከወሎ በእግሯ መጣች። ወርካው ጋ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳት። አንዲት የአገሬው ሴት ውሃ በቅል ይዛ ወጣችና «አረፍ በይ ልጄ» አለቻት። አረፈች፣ በዚያው ቀረች። በዓመቱ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ታወጀ፣ እሷና አብረዋት የመጡትም ከአገሬው እኩል ተደለደሉ። ስሙን እንኳ ያወጣነው እኛ አይደለንም፣ አገሬው ነው።

ሰፋሪ መሆን ነውር ከሆነ እስቲ ከላይ እንጀምር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን አልተወለዱም። ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ብለው ሰፈሩ፣ ከተማዋም ስሟን ከብርሃኑ አገኘች። መንዝ ማማ፣ ላሎና ጌራ የተባለው መጥተው አገር ባቀኑ ሰዎች ስም ነው ሲባል እርስዎም ሳይሰሙ አልቀሩም። አንኮበር አጠገብ ምኒልክ ለጣሊያን አሳሾች የሰጡት ቦታ እንኳ ሌት ማረፊያ ነው የሚባለው። ለፈረንጅ ያልተነፈገ ስም ለእናቴ ተነፈገ ማለት ነው።

ያናደደኝ ግን ይሄ ብቻ አይደለም። ባለፈው ደብተሩን ላሳርም ስሄድ እናቴም አብራኝ መጣች። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ማንበብ አትችልም። ቤት ሳለን «ምን ይላል?» ስትለኝ «አረፍ በይ ይላል» ብዬ ዋሽቻታለሁ። እኔ ደብተሩን ፎቶ ኮፒ ላስደርግ ወጣ ባልኩበት ሠራተኛዎ በመስኮት ብቅ ብሎ «የሰፋሪ ሰዎች!» ብሎ ተጣራ። አልተነሳችም። ደግሞ ተጣራ። ዝም። ለምን ትነሳለች? ስሟ አይደለማ! ስመለስ ተራዋ አልፎ መስኮቱ ለምሳ ተዘግቷል። «ምነው ልጄ፣ እኛን እኮ አልጠሩንም» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ከሰዓት መስኮቱ ሲከፈት ልጁ «ሁለቴ ጠርቻለሁ፣ እናንተ ሰፋሪዎች አትሰሙም እንዴ?» አለ፣ እሷም ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት። እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

የጎጥ ስም በጸሐፊ ስሜት እንደማይቀየር እርስዎ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ደብተሩ ይታረም። ሐሙስ እንመጣለን። ተራችን ሲደርስ «አረፍ በይ!» ተብሎ ይጠራ። ያኔ ትነሳለች።