የቁራው ነጭ የት ላይ ነው? የትንንሾቹ ተመልካቾች ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የትንንሾቹ ተመልካቾች ክበብ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ይዞ ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሲሰበሰብ ከርሟል። አንድን ነገር ረጋ ብለን እናያለን፣ እንስለዋለን፣ ያየነውን እንናገራለን። ክፍል ውስጥ ልጆች መልሱን ለመቅደም እጅ ማውጣት ለምደዋል፤ በክበባችን ግን መልስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ «ምን አየህ? ምን አየሽ?» ቀጥሎ «ሌላስ?» እንላለን። ልጆች ጥሩ ጥሩውን የሚያዩት ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው «ሌላስ?» በኋላ መሆኑን ዓመቱን ሙሉ አይቻለሁ።

መስከረም ላይ የጀመርነው በአደይ አበባ ነው። አበባው ፊታቸው ሳይኖር እንዲስሉ ስንጠይቃቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ሣሉ፦ መሃሉ ክብ፣ ዙሪያውን አምስት ቅጠል፣ ከሥሩ ቀጥ ያለ ዘንግ። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ አበባ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጥንላቸው። ብዙዎቹ ቢጫዎቹን ቅጠሎች ቆጥረው ጨረስን አሉ። «ሌላስ?» ሲባሉ አንዲት የ2ኛ ክፍል ተማሪ መሃሉን በስፒል ቀስ አድርጋ ፈታችና «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ እኮ ትንንሽ አበባ ነው!» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው። አንድ አደይ የምንለው የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው፤ መሃል ያሉት እያንዳንዳቸው አፋቸው አምስት ቦታ የተከፈለ ቀጭን ቱቦ ናቸው። የዚያን ዕለት ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ሥዕላቸው ጎን ለጎን ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ያላያችሁ ሄዳችሁ እዩት።

የቁራው ክርክር ደግሞ ሳምንታት ፈጅቷል። አንዱ ወገን «ቁራ ነጩ ደረቱ ላይ ነው» አለ፤ ሌላው «የለም፣ ማጅራቱ ላይ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። አስታራቂ ሆኜ መግባት ቀላል ነበር። ነገር ግን ደብተራቸውን ይዘው በየዕረፍቱ ጣሪያና ዛፍ እንዲመለከቱ ተውኳቸው። በመጨረሻ ሁለቱም ወገኖች ትክክል ሆነው ተገኙ፤ ወፎቹ ሁለት ዓይነት ናቸውና። ደረቱና አንገቱ ዙሪያ ነጭ ያለው በአፍሪካ በብዙ አገር የሚታየው ቁራ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው፣ መንቁሩ ወፍራምና ጫፉ ነጣ ያለው ትልቁ ቁራ ግን ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም። የመንቁሩን ጫፍ ያየው አንድ ዝምተኛ የ3ኛ ክፍል ልጅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በክርክር መሃል እሱ ሳይጠየቅ አይታለፍም።

ዕቃዎችን አሳይቶ በነጠላ መሸፈንና የጎደለውን ማስገመት፣ ዓይን ጨፍኖ የግቢውን ድምፅ መለየት የመሳሰሉትንም ጨዋታዎች ተጫውተናል፤ ልጆቹ ይወዷቸዋል። እኔ ግን ለዓይን የሚበጀው አንድን ነገር ለወራት መከታተል ነው ባይ ነኝ። ለዚህም የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ጥላ ምስክሬ ነው።

ከጥቅምት ጀምሮ ተረኞች ለምሳ ሲወጡ፣ 6፡25 ገደማ፣ የጥላው ጫፍ የደረሰበት ቦታ ላይ በኖራ ምልክት ያደርጋሉ። በአዲስ አበባ ፀሐይ ከፍ ብላ የምትታየው በዚያ ሰዓት አካባቢ ነው። ጥላው ወደ እንጦጦ፣ ማለትም ወደ ሰሜን፣ እየረዘመ ሄዶ ታኅሣሥ ላይ ከምሰሶው ቁመት ግማሽ አለፈ። ከዚያ ማጠር ጀመረ። ሚያዝያ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ምሰሶው ጥላ አልባ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ልጆቹ ዙሪያውን እየዞሩ ፈለጉት። ግንቦት ላይ ጥላው በሌላኛው በኩል፣ ወደ ቃሊቲ አቅጣጫ ወጣ። «ምሰሶውን ማን አዞረው?» ያለ ነበር። ሲከራከሩ ቆይተው የዞረችው ፀሐይ ናት የሚለው ላይ ደረሱ። ምክንያቱን የነገርናቸው ከዚያ በኋላ ነው፦ ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ትክክል አናታችን ላይ ታልፋለች። በቀረው ጊዜ ቀትር ላይ እንኳ ወደ አንድ ወገን ዘመም ትላለች። የ4ኛ ክፍሎቹ ይህን ከመጽሐፍ ቢያነቡት ኖሮ ለፈተና ይይዙት ነበር፤ አሁን ግን ለታናናሾቻቸው ምልክቱን እያሳዩ ያስረዳሉ።

ለሚቀጥለው ዓመት ማጉያ መነጽር የሚለግሰን ወላጅ ቢገኝ ደስ ይለናል። ከዚያ ይልቅ የምንለምነው ግን ልጃችሁ መንገድ ላይ ጎንበስ ብሎ ጉንዳን ሲያይ እጁን እንዳትጎትቱት፣ ጥቂት እንድትጠብቁት ነው።

ፀሐይ ሁለተኛ አናት ላይ የምትሆነው ነሐሴ 24 አካባቢ፣ ትምህርት ቤት ዝግ ሳለ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል በቤቱ ግቢ ወይም በሰፈሩ ሜዳ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት እንዲተክል ተስማምተናል። ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር ጥላውን ለክተው መስከረም ላይ ደብተሩን ይዘው ይመጣሉ። እናቶችና አባቶች፣ እንጨቱን እንዳትነቅሉባቸው አደራ።