ለቀድሞ ተከራካሪዬ

ጅማ፣ መጋቢት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ዓለም፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናንተ ሁዳዴና የእኛ ረመዳን ዘንድሮ በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ስለገቡ ከተማው በሙሉ ጾመኛ ሆኖ ሰንብቷል፤ ቀን ቀን የሕርማታ ገበያ እንኳ ድምፁን የቀነሰ ይመስላል። እናቴ «ያ የጂኦግራፊ አስተማሪ የት ጠፋ?» እያለች በየጊዜው ትጠይቀኛለች። የጠፋሁት እኔ መሆኔን ግን ደፍሬ ነግሬያት አላውቅም። ወደ ደሴ ከተዛወርክ በኋላ የላክልኝ የመጨረሻው ደብዳቤ እስካሁን በመሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ መልስ ሳልሰጥህ ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ። ይቅር በለኝ።

ብዕር ያስነሳኝ ጥር 13 ነው። ዘንድሮ በዚያ ቀን ማታ፣ እኔና አንተ በበርጩማ ላይ ተቀምጠን ኳስ እናይበት በነበረው ሻይ ቤት ውስጥ፣ ኮትዲቯር በአፍሪካ ዋንጫ በገዛ ሜዳዋ በኢኳቶሪያል ጊኒ 4 ለ 0 ስትሸነፍ አየሁ። ቤት ገብቼ፣ ውጤት እንመዘግብበት የነበረውን ደብተር ከአቧራው አውጥቼ ስገልጥ፣ በአንተ እጅ ጽሑፍ «ጥር 13 ቀን 2005፣ ኢትዮጵያ 1 ዛምቢያ 1» የሚል አገኘሁ። ነገሩ በዚህም አላበቃም። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ እስኪሞት ድረስ ሲተርከው የኖረው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ያሸነፍንበት፣ የዋለው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር። ሦስቱም በአንድ ቀን! እኔ ለእንዲህ ያለ ነገር ምስጢር የምፈልግለት ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ የድሮው ክርክራችንም እንደ አዲስ ተነሳብኝ።

ክርክሩን አትረሳውም፤ ቡድኖች ሦስት ሦስት ጊዜ ተጫውተው በነጥብ የሚለዩበት ምድብ ይሻላል፣ ወይስ የተሸነፈ ወዲያው የሚወጣበት ጥሎ ማለፍ? አንተ «ምድብ አይዋሽም፤ ሦስት ጊዜ ተፈትኖ የወደቀ ወድቋል፤ በአንድ ቀን ፈተና ግን ጎበዝም ይወድቃል» ትል ነበር፤ አስተማሪ ነህና። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በቡና መጋዘን ውስጥ ፈረሱላ ስደምርና ስቀንስ የምውል ሰው ስለሆንኩ፣ ማታ ተመልሼ ነጥብና የግብ ክፍያ (ካገቡት ላይ የተቆጠረባቸው ሲቀነስ) ማስላት ያንገሸግሸኝ ነበር። ኳስ ማለት ጥሎ ማለፍ ነው፤ ያሸነፈ ያልፋል፣ የተሸነፈ ሻንጣውን ያነሳል፤ ሌላው የጸሐፊ ሥራ ነው እል ነበር። ይህን ሃሳብ ያወረሰኝ አባቴ ነው። እሱ በወጣትነቱ ቡና ከጫነ መኪና ጋር አዲስ አበባ ሄዶ ያንን ፍጻሜ ስታዲየም ገብቶ አይቷል። በ1954ቱ ውድድር የገቡት አራት አገሮች ብቻ ስለነበሩ ምድብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ከዚያም ግብፅን 4 ለ 2፣ በቃ፤ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን አነሳ። «በሁለት ጨዋታ የአፍሪካ ንጉሥ ሆንን» ይል ነበር አባቴ፣ እነ መንግሥቱ ወርቁን እየጠራ።

አሁን ግን ደብተሩን ስገልጥ፣ ከዚያ ወዲህ ጥሎ ማለፍ ለእኛ ምን እንዳደረገልን ራሴን ጠየቅሁ። በ1960 ዓ.ም. ውድድሩ እንደገና እኛ ዘንድ ሲመጣ ሁለት ምድብ ነበረው፤ እኛም ኡጋንዳን፣ ኮትዲቯርንና አልጄሪያን በተራ አሸንፈን ከምድባችን አንደኛ ወጣን። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ግን ኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አስወጣችን። ለደረጃ ስንጫወት ደግሞ ያቺው በምድብ 1 ለ 0 የረታናት ኮትዲቯር በዚያው ቁጥር፣ 1 ለ 0፣ ብድሯን መለሰች። በ1968 በአገራችን የተደረገውማ ጭራሽ የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረውም፤ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች እርስ በርስ በነጥብ ተጫውተው ነው ሞሮኮ ዋንጫውን የወሰደችው። በመጨረሻው ቀን ጊኒ ማሸነፍ ነበረባት፤ ለሞሮኮ ግን አቻ ይበቃት ነበር፤ ግብ ተቆጥሮባት ቆይታ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር አገባችና 1 ለ 1 ተለያዩ። አቻ ወጥቶ ዋንጫ ማንሳትን አባቴ እንደ ቀልድ ነበር የሚያየው።

ወደ 2005 ልመለስ፤ ያኔ የበደልኩህን የማውቀው አሁን ነው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደርሰው፣ ያለፈው ሻምፒዮን ዛምቢያ በመጀመሪያው ጨዋታ ሲገጥማቸው፣ ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ በ10 ሰው ግብ ተቆጥሮብን፣ አዳነ ግርማ አስተካከለልን። አንተ በደስታ አለቀስክ። እኔ ደግሞ «ለአንድ ነጥብ ይለቀሳል?» ብዬ ሳቅሁብህ። ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ስትረታን፣ ያውም በረኛዋ ተባሮባት በ10 ሰው ሦስቱን ስትጨምርብን፣ እኔ «አለቀ፣ ሻንጣ ማንሳት ነው» ብዬ ወጣሁ። አንተ ግን በሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደብተሩን ዘርግተህ «አላለቀም፤ ናይጄሪያን ካሸነፍን አራት ነጥብ ይኖረናል» እያልክ ታሰላ ነበር።

ስሌትህን ትናንት ማታ እንደገና ሠራሁት፤ ልክ ነበርክ። በመጨረሻው ቀን ዛምቢያና ቡርኪና ፋሶ 0 ለ 0 ተለያይተዋል። ቡርኪና ፋሶ 5፣ ዛምቢያ 3። ከናይጄሪያ ጋር የነበረን ጨዋታ እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ 0 ለ 0 ነበር፤ በእነዚያ 80 ደቂቃዎች ውስጥ አንዲት ግብ አግብተን ብንጠብቃት ኖሮ፣ በ4 ነጥብ ምድብ ሐን ሁለተኛ ሆነን ሩብ ፍጻሜ እንገባ ነበር። በ4 ለ 0 የተረታ ቡድን! ከዚያ በኋላ የመጣውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ቪክተር ሞሰስ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አገባ፣ በረኛችን ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ፣ ቅያሪ አልቆ ስለነበር የሜዳ ተጫዋች የበረኛ ማሊያ ለብሶ ቆመ። በአንድ ነጥብ የመጨረሻ ሆንን። እኔ «ድሮም ምድብ የለማኝ ኳስ ነው» ብዬህ ወጥቼ ሄድኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፍጻሜ ላይ የተገናኙት ግን ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ፣ ሁለቱም የእኛ ምድብ ልጆች፣ ነበሩ፤ ሰንዴይ ምባም ለናይጄሪያ አገባ። አንተ ከደሴ የላክልኝ ደብዳቤ ይህንኑ ይተርክ ነበር፤ «ምድባችን ምን ያህል ከባድ እንደነበር አየህ?» ብለህ። መልስ ያልሰጠሁህ ተናድጄ እንዳይመስልህ። አፍሬ ነው።

አሁን ደግሞ የዘንድሮዋን ኮትዲቯር ልንገርህ፤ አይተሃታል፣ ቢሆንም ከእኔ አንደበት ስማው። ጊኒ ቢሳውን 2 ለ 0 አሸነፈች፣ በናይጄሪያ 1 ለ 0 ተሸነፈች፣ ጥር 13 ላይ ያ የ4 ለ 0 ውርደት መጣ። ሦስት ነጥብ፣ ከዜሮ በታች ሦስት የግብ ክፍያ። ባለሜዳዋ ከሜዳ ወጥታ የሌሎችን ጨዋታ መጠበቅ ያዘች። አሰልጣኙ ዣን ሉዊ ጋሴ ተሰናበተ። ከዚያ በጥር 15 ሞሮኮ ዛምቢያን 1 ለ 0 ስታሸንፍ፣ ኮትዲቯር በየምድባቸው ሦስተኛ ወጥተው ከሚያልፉት ምርጦች አንዷ ሆና ተረፈች። ዛምቢያ አቻ ብትወጣ ኖሮ ወሬው ሁሉ ሌላ ይሆን ነበር። ረዳት የነበረው ኤመርስ ፋዬ ቡድኑን ተረከበ፤ በምድቧ ሦስቱንም ጨዋታ ያሸነፈችውን ሻምፒዮኗን ሴኔጋልን፣ ገና በአራተኛው ደቂቃ ግብ ተቆጥሮባቸው፣ በ86ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት አስተካክለው፣ በመለያ ምት ጣሏት። በማሊ ላይ ያደረጉትን ለማየት ሻይ ቤቱ ሞልቶ ሰው በመስኮት ይመለከት ነበር፤ ከመጀመሪያው አጋማሽ ጀምሮ በ10 ሰው፣ በ90ኛው ደቂቃ አቻ፣ ከ120ው ደቂቃ በኋላ ደግሞ ኡማር ዲያኪቴ አሸናፊዋን ግብ አስቆጠረ። ኮንጎን 1 ለ 0 አልፈው፣ የካቲት 3 አቢጃን ላይ ያቺኑ በምድብ የረታቻቸውን ናይጄሪያን 2 ለ 1 አሸንፈው ዋንጫውን አነሱ። የመጨረሻዋን ግብ ያገባው ከካንሰር ታክሞ የተነሳው ሰባስቲያን ሃለር ነበር። አራት ያገባችባቸው ኢኳቶሪያል ጊኒ፣ በምድቧ አንደኛ የነበረችው፣ በመጀመሪያው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ በጊኒ 1 ለ 0 ተሸኝታ፣ አምስት ግብ ያለው ኤሚሊዮ ንሱዌም ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ፣ ቀደም ብላ አገሯ ገብታ ነበር።

እንግዲህ ይህ ለማን ይፈረዳል? ምድብ አይዋሽም ካልክ፣ ዘንድሮ ዋሽቷል። ጥሎ ማለፍ ብቻ ይበቃል ካልኩ ደግሞ፣ ኮትዲቯር በናይጄሪያ በተሸነፈችበት ማታ ነገሯ ያበቃ ነበር፤ እነ ማሊን ያየንበት ሌሊትም አይኖርም ነበር። ስለዚህ የእኔን ሃሳብ ጥዬዋለሁ፤ ወደ አንተም ግን ሙሉ በሙሉ አልመጣሁም። ምድብ እንደ ፈተና ሳይሆን እንደ ዱቤ ነው የሚታየኝ፤ ባለሱቁ ሦስት ቀን ይታገስሃል፣ በአራተኛው ግን ጥሬ ገንዘብ ይጠይቅሃል። (የመጋዘን ሰው ምሳሌ ነው፣ ታገሰኝ።)

ዱቤውም ቢሆን ፍትሐዊ አይደለም። በሰኔ 1974 በዓለም ዋንጫ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋ፣ የመጨረሻ ጨዋታዋንም ረትታ ስታበቃ፣ በማግስቱ ጀርመንና ኦስትሪያ 1 ለ 0 ሁለቱንም እንደሚያሳልፍ አውቀው፣ ጀርመን በ10ኛው ደቂቃ አግብታ ቀሪውን ኳስ ሲቀባበሉ ዋሉ፤ አልጄሪያም ወጣች። የምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት እንዲደረጉ የተወሰነው ከዚያ በኋላ ነው። በሰኔ 2010 ደግሞ ሴኔጋልና ጃፓን በነጥብ፣ በግብ ክፍያ፣ ባገቡት ግብ፣ እርስ በርስ ባደረጉት ጨዋታም እኩል ሆነው፣ ሴኔጋል ስድስት ቢጫ ካርድ ጃፓን አራት ስለነበራቸው ሴኔጋል ወጣች። በዚያው ዓመት የእኛው ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ በወጣበት ዓመት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር እኩል ነጥብ ይዞ በግብ ክፍያ ዋንጫውን ሲወስድ፣ በየመንገዱ ከጨፈሩት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ የግብ ክፍያን ስሳደብ የኖርኩት ሰው! አንተ ብታየኝ ኖሮ ምን ትለኝ እንደነበር እያሰብኩ ብቻዬን ስቄያለሁ።

የሚመጣው የዓለም ዋንጫ በሰኔ 2018 በ48 አገሮች፣ በ12 ምድብ ይሆናል። 72 የምድብ ጨዋታ ተደርጎ የሚሰናበቱት 16 ብቻ ናቸው፤ 32ቱ ያልፋሉ። ይህ ለእኔ ዱቤው ከልክ ያለፈ ይመስለኛል፤ ሦስተኛ የወጣ ሁሉ ተስፋ ካለው፣ በመጨረሻው ቀን ያ የ80 ደቂቃ ጭንቀት ከየት ይመጣል? አንተ ግን ትቃወመኛለህ ብዬ እጠብቃለሁ፤ መልስህን በሰፊው ጻፍልኝ፣ ሰንጠረዥ ካለውም ደስ ይለኛል።

ደብተሩን በደብዳቤው ውስጥ ልልክልህ አስቤ ተውኩት። ናይጄሪያን ከመግጠማችን በፊት በነበረው ሌሊት በእርሳስ የሠራኸው የጥሎ ማለፍ ሥዕል በውስጡ አለ፤ የምድብ መ አንደኛ ኮትዲቯር፣ ከምድብ ሐ ሁለተኛ ኢትዮጵያ ጋር፣ ሩብ ፍጻሜ። ክረምት ሳይገባ ወደ ጅማ ብቅ ካልክ አሳይሃለሁ። እርሳሱ ደብዝዟል፤ እኔ ግን ላጲስ አላነሳሁበትም።

ወንድምህ፣ ከጅማ