ከቅዳሜው ስብሰባ የተረፈ

ሰላም ለሁላችሁም፣

ቅዳሜ ስለ አካል ጉዳትና ሥራ ስናወራ ብዙዎቻችሁ «መሥሪያ ቤት ሄጄ የሚያስፈልገኝን ምን ብዬ ልጠይቅ?» ስትሉ ነበር። ሰዓት ስላልበቃን እዚህ ልጨርሰው።

መጀመሪያ፣ ውለታ እየጠየቃችሁ አይደለም። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» እንዲያደርግ፣ ማለትም ሠራተኛው ሥራውን መሥራት እንዲችል ቦታውን፣ መሣሪያውን ወይም አሠራሩን እንዲያስተካክል ያዛል፤ ሲያስፈልግም ረዳት እንዲመድብ። መድልዎ ደረሰብኝ ብሎ ለሚከስ ሰው ደግሞ የማስረዳት ሸክሙ ወደ አሠሪው ይዞራል። ይቺን የማያውቅ የሰው ኃይል ኃላፊ ስንት አለ መሰላችሁ!

የሚከብደው የማይታየው ጉዳት ነው። ዊልቸር የሚጠቀመውን ቢያንስ ያዩታል (ሊፍቱ ሁሌ የተበላሸ ቢሆንም)፤ ኦቲዝም ወይም ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብ ችግር) ያለበትን ግን «ሰነፍ ነው፣ ሰው አይወድም» ብለው ይጨርሱታል። እኔ ራሴ በቃል የሚነገረኝን ሥራ ግማሹን እየረሳሁ ዓመት ሙሉ ስወቀስ ከርሜ፣ አንድ ቀን አለቃዬን «እባክዎ በቴሌግራም ይጻፉልኝ» አልኳቸው። በቃ፣ ተገላገልን። አንድ ብር አላስወጣም።

ስለዚህ የሕመም ታሪካችሁን ከመተረክ ይልቅ የሚያስፈልጋችሁን ለይታችሁ ጠይቁ። ከጄኔሬተሩ ራቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ጆሮ ማዳመጫ፣ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ። በጽሑፍ ይሁን፣ ቀን ይኑረው፣ ኮፒውን ያዙ።

አለቃ የሆናችሁም አላችሁ መቼም። ሠራተኛውን ራሱን ጠይቁት እንጂ አብሮት የመጣውን ሰው አትጠይቁ። ቡና ላይ ያልተቀላቀለ ሁሉም ኩራተኛ አይደለም፤ ጫጫታው የሚያመው ሰው አለ።

አዋጁን የምትፈልጉ ጻፉልኝ፣ እልካለሁ።