ጾሙ እኮ ተፈቷል

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አክስትሽ ትናንት ደውላልኝ ነበር። በፋሲካ ሽንኩርቱን ያቁላላሽው አንቺ፣ ዶሮውን የሠራሽው አንቺ፣ ሁሉንም ያጎረስሽው አንቺ፤ ለራስሽ ግን እንጀራዋን በጥፍር መጠን እየቆራረስሽ አንድ ሰዓት ሙሉ ትሪው ላይ አንከራተትሻት አለችኝ። እስከ ዛሬም «ጾመኛ ነኝ» ትያለሽ አሉ። የምን ጾም? በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። ቤተ ክርስቲያን የፈታችውን አንቺ በየት በኩል አሰርሽው?

አራት ሰዓት ሙሉ ባዶ ሆድሽን አትቆዪ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን ያዢ።

በ1945 እ.ኤ.አ. ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንሴል ኪስ የሚባል ተመራማሪ በጦርነት የተራቡ ሰዎች እንዴት እንደሚያገግሙ ለማወቅ 36 ጤነኛ ፈቃደኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንት ምግባቸውን በግማሽ ገደማ ቀነሰባቸው። ድንች፣ ዳቦ፣ መኮሮኒ ነበር የሚበሉት። ክብደታቸው በሩብ ያህል ወረደ። የሚገርመው ጠባያቸው ነው። ስለ ወጥ ቤት ግድ ያልነበራቸው ሰዎች የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመሩ፤ ምግባቸውን እያደቀቁ አንዱን ማዕድ እስከ ሁለት ሰዓት ያጓትቱት ነበር፤ ብርድ አይችሉም፣ ከሰው ይሸሻሉ። ምግቡ ሲመለስላቸው ደግሞ አንዳንዶቹ ለወራት በልተው አልጠግብ አሉ። አንቺንም ይህ ይገጥምሽ ይሆናል፤ ሆዳም ሆንኩ ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ ያልፋል። እንግዲህ ያቺ የምትቆራርሻት እንጀራ፣ «እኔ ሥርዓት ያለኝ ሰው ነኝ» የምትዪው ነገር፣ ረሃቡ ያመጣው እንጂ ያንቺ ጠባይ አይደለም። አንቺንማ እኔ አውቅሻለሁ።

ባለፈው ዓመት በቪዲዮ «ወፈርሽ!» ብዬሽ ስስቅ ዝም ማለትሽን አይቻለሁ። በኛ ዘንድ አማረብሽ፣ ተስማማሽ ማለት ነበር። ባልተናገርኩት ይሻለኝ ነበር።

ነገ ክሊኒክ ሂጂ። ተኝተሽም ቆመሽም የልብ ምትሽንና የደም ግፊትሽን ይለኩልሽ፤ ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ፣ በደም ምርመራ ደግሞ ፖታሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፎስፌት የሚባሉትን የደም ማዕድናት ጠይቂ። «ደምሽ ደህና ነው» ቢሉሽ አትዘናጊ፤ ሰው በጣም ተጎድቶም ደሙ ደህና መስሎ ሊወጣ ይችላል። የወር አበባሽ ሦስት ወር ከቀረ ለአባት መንገር ያሳፍር ይሆናል፣ ለአክስትሽ ንገሪያት፤ አጥንት የሚሳሳው በዚያ ነው። ብድግ ስትዪ ዓይንሽ ከጨለመ ወይም ከወደቅሽ ቀጠሮ የለም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ከአምስት ቀን በላይ እዚህ ግባ የሚባል ነገር ሳትበዪ ከቆየሽም በአንዴ ብዙ እንዳትበዪ። ረጅም ረሃብ ላይ ምግብ ድንገት ሲበዛ ፎስፌት ከደም ወደ ሴል ይገባና ልብን ያዛባል። አጀማመሩ በሐኪም ዓይን ሥር ይሁን።

ሐኪሙ ካየሽ በኋላ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ቁርስ፣ 4 ሰዓት መክሰስ፣ 7 ሰዓት ምሳ፣ 10 ሰዓት መክሰስ፣ ማታ 1 ሰዓት ራት፣ ከመኝታ በፊት አጥሚት። ራበኝ አልራበኝም ብለሽ አትጠይቂ፤ የረሃብ ስሜትሽ ለጊዜው ተበላሽቷል፣ ሰዓቱን እመኚ። በሶ በሰው ልኬልሻለሁ፣ በማር በጥብጪው። ሚዛኑን ለአክስትሽ ስጫት። አራት ሰዓት ሙሉ ባዶ ሆድሽን አትቆዪ።

የንስሐ አባትሽንም አናግሪ። ለታመመ ጾም ይፈታል፤ ሲፈቱሽ እንዳትከራከሪያቸው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ወረቀት ላይ ክብ ሥሪ። የራስሽን ዋጋ የምትለኪበትን ሁሉ እንደ ድፎ ዳቦ ቁረሺው፦ ትምህርት፣ ጓደኛ፣ መዝሙር፣ ምግብና ክብደት። ምግቡ ግማሹን ከወሰደ እሱን ለማጥበብ አትታገዪ፤ ሌላውን አስፊ። የተውሽው የመዝሙር ልምምድ ቅዳሜ አይደል? ሂጂ። ቁራሽ ዳቦ በቦርሳሽ ይዘሽ።

ሐሙስ ማታ እደውላለሁ። ቀድሜ የምጠይቅሽ የ10 ሰዓቱን መክሰስ ነው፣ ምን እንደነበር ጭምር።

አባትሽ